ሲጣፍጥ አልታጠበም

ባለፈው ሰኔ ቡታጅራ ያለውን ፎቶ ቤቴን ዘጋሁ። ዘጋሁ ስል ቁልፉን ለልጄ ባል ሰጠሁ ማለቴ ነው፤ እሱም ወር ሳይሞላው የስልክ መሸፈኛ መሸጫ አደረገው። አልተቀየምኩትም። ሰው ሁሉ ካሜራውን በኪሱ ይዞ በሚዞርበት ዘመን፣ ሰባን ያለፈ ሽማግሌ "አትነቃነቁ!" እያለ ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ደግሞስ ወገቤም አሻፈረኝ ብሏል።

ግን አንድ ነገር ነካኝ። አማቼ በሩ ላይ ያለውን "ፎቶ እናነሳለን፣ እናጥባለን" የሚል ጽሑፍ ሊፍቅ መሰላል ላይ ወጥቶ ሳለ ዘወር አለና፣ "ጋሼ፣ ፎቶ ይታጠብ ነበር እንዴ? በምን? በሳሙና?" ብሎ ሳቀ።

እኔም አብሬው ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቁ ከአፌ ጠፋ። በሳሙና ባይሆንም በእንዶድ የታጠበ ፎቶ በነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ፤ ጥፋቱም የኔ ነበር። ነገሩን ለባለቤቴ እንኳ በቅጡ ነግሬያት አላውቅም። አሁን ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ ነው ከመጀመሪያው ልጻፈው ያልኩት።

ሥራውን የለመድኩት ወልቂጤ ነው፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ። እኔ የመስቃን ልጅ ነኝ፤ ስሜ ሽኩር ይባላል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ አልገፋ ሲለኝ ከጅማ ቡና በሚያመላልስ መኪና ላይ ረዳት ሆንኩ። አንድ ቀን መኪናችን ወልቂጤ መግቢያ ላይ ተበላሸና ሾፌሩ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄደ። እኔ መኪናውን ስጠብቅ የማርፈው አንድ ፎቶ ቤት በረንዳ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ባለቤትየው ወጡና፣ "አንተ ልጅ፣ እጅህን አምጣ" አሉኝ። መዳፌን ዳሰሱት፣ ገለበጡት፣ አሸቱት ማለት ይቻላል። "አያልብህም። ላብ ያለበት እጅ ፊልም ያበላሻል። ሥራ ትፈልጋለህ?" አሉኝ። በሕይወቴ በመዳፌ ተፈትኜ ያለፍኩት ያኔ ብቻ ነው።

ጋሽ ወርቅነህ ይባላሉ። የመንዝ ሰው ናቸው፤ ወንድማቸው ለመንግሥት ሥራ ሲዛወር አብረው መጥተው እዚያው ቀሩ። ሙያውን አዲስ አበባ ከአንድ አርመን ዘንድ ተምረዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ቀስ ማለታቸው መጀመሪያ አንጀቴን ያሳርረው ነበር። ሰልፉ በረንዳውን ሞልቶ እሳቸው ከአንዱ ደንበኛ ጋር ስለ በሬው ያወራሉ።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ሰውየውን አስቀምጠው፣ አገጩን አስተካክለው፣ ልክ ካሜራውን ሊጫኑ ሲሉ፣ "ለማን ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ሳቅ አይሉም፣ ቀና በል አይሉም፤ ይቺን ብቻ። "ለእናቴ" ያለ ሰው ፊቱ በራሱ ይለሰልሳል። "ለእጮኛዬ" ያለው ያፍራል። "ለመንግሥት ነው" ያለው ደግሞ ድንጋይ ይሆናል፤ ለዚያ ወረቀት የሚፈለገውም እሱ ስለሆነ ማንም አይጎዳም።

ሁለተኛው ልማዳቸው ምላሳቸው ነው። ፎቶ ሁለት መድኃኒት አለው፤ አንዱ ምስሉን ያወጣዋል፣ ሌላው፣ ሃይፖ የምንለው፣ እንዳይጠፋ ያጸናዋል። ችግሩ ይህ ሃይፖ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከወረቀቱ ካልለቀቀ መልሶ ምስሉን ይበላዋል። ስለዚህ ይታጠባል። በንጹሕ ውሃ፣ ውሃው እየተደፋ እየተቀየረ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ። በመጨረሻ ጋሽ ወርቅነህ የወረቀቱን ጥግ ምላሳቸው ላይ ነካ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሃይፖ ከቀረበት ይጣፍጣል፣ ስኳር እንደነካው። "ሲጣፍጥ አልታጠበም። ውሃ ውሃ ሲል ታጥቧል። ሌላ ምስጢር የለውም፣ ሽኩር" ይሉኝ ነበር።

የዚያን ጊዜ ደንበኛ መቼም ጨዋታው አያልቅም። አንድ የጉብሬ ሽማግሌ ለክርክር ጉዳይ ጉርድ ፎቶግራፍ አምጡ ተብለው መጡ። አነሳናቸው፣ ሰጠናቸው። ፎቶውን አገላብጠው አዩና፣ "እግሬስ?" አሉ።

"አባባ፣ ጉርድ እኮ ነው" አልኳቸው።

"ማን ነው የጎረደኝ? ሙሉ ሰው ሆኜ ገብቼ በግማሼ ልወጣ? እኔ ዳኛው ፊት የምቆመው በእግሬ ነው!"

ብናስረዳ ብናስረዳ ወይ ፍንክች! ጋሽ ወርቅነህ ደግመው ከነጫማቸው አነሷቸውና ሁለቱንም ሰጧቸው። ሽማግሌው ሙሉውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ጉርዱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ሄዱ። እኔ ሆዴን ይዤ ስስቅ ጋሽ ወርቅነህ፣ "አትሳቅ። የኛ ቃል ለኛ ነው የገባን። እሳቸው ቃሉን እንዳለ ነው የሰሙት" አሉኝ። ያን ብሰማቸው ኖሮ የኋላው ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ለመስቀል ብቻዬን ወደ አገና ላኩኝ። የመስቀል ሰሞን ጉራጌ አገር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ሁሉ ሱቁን ቆልፎ፣ አዲስ ኮት ለብሶ አገሩ ይገባል። ሰው ሁሉ አንድ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ያ ብቻ ስለሆነ ፎቶ የማይነሳ የለም። ነጭ አቡጀዲ ሁለት ግንድ መካከል ወጥሬ ከጠዋት እስከ ማታ አነሳሁ። ሙስሊም ስለሆንኩ ሥጋቸውን አልበላም፤ በየደረስኩበት ቆጮ በአይብ እያቀረቡልኝ ወፍሬ ተመለስኩ።

ከነዚያ ሁሉ ሰዎች አንዱ ዘበርጋ ነበር። መርካቶ ጨርቅ ይነግዳል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሚስቱ ትርፌ ነፍሰ ጡር ነበረች። አብራው እንድትቀመጥ ቢለምናት፣ "ከወለድኩ በኋላ" ብላ ነጠላዋን ተከናንባ ከጎን ቆማ ትስቅበታለች። እኔም የጌታዬን ጥያቄ ጠየቅሁት።

"ለማን ነው?"

"ለሚመጣው!" አለና ዓይኑ ወደ ግራ፣ ወደ ሚስቱ ሆድ ሄደ። ጣቴ ቀደመኝ፣ ተጫንኩት።

በኛ ሙያ ዓይኑን የሰረቀ ሰው ፎቶ ተበላሸ ነው የሚባለው። ድጋሚ እንዳላነሳው ፊልሙ ሊያልቅ ነው፣ ከኋላው ደግሞ ሰው ተሰልፏል። ይሁን ብዬ አለፍኩት።

ወልቂጤ ስመለስ ጉድ ፈላ። ውሃ የለም። ከዋቤ ወንዝ ውሃ የሚቀዱልን ሴቶች እነሱም ለመስቀል አገራቸው ገብተዋል፤ ማን ይቀርላችኋል? ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ነጋዴ ደግሞ ፎቶውን ሳይዝ አይሄድም። ነጋቲቩን፣ ፎቶው የሚባዛበትን ፊልም፣ ጋሽ ወርቅነህ ራሳቸው አጠቡት፤ ነጋቲቭ ለማንም አያምኑም። ወረቀቱ የኔ ድርሻ ነበር። አሥራ ሁለቱን ውሃ ሁለት አደረግሁት። በዚያ ላይ በየነጋቲቩ ከረጢት ላይ የባለቤቱን ስም ከነአባቱ መጻፍ ሲገባኝ፣ ሁሉንም አንድ ካርቶን ውስጥ ጨምሬ "መስቀል" ብዬ ጻፍኩበት።

ጋሽ ወርቅነህ ስቱዲዮ ውስጥ ደንበኛ እያነሱ በመጋረጃው አሻግረው፣ "ቀመስከው?" አሉኝ።

"ቀምሻለሁ።"

"ምን ይላል?"

ቀምሼው ነበር። እንደ ማር ነው የጣፈጠኝ። "ውሃ ውሃ ይላል" አልኳቸው፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል፣ ነሐሴ ውስጥ በገበያ ቀን፣ ልጅ ያዘለች ሴት መጣች። ትርፌን መጀመሪያ አላወቅኋትም፤ ጥቁር ለብሳ ነበር። ዘበርጋ ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ታሞ ሳይውል ሳያድር ሞቷል። ልጅቷ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። ከጨርቅ ውስጥ ፎቶውን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል፤ ቢጫው ከጥግ ተነስቶ ጉንጩ ጋ ደርሷል።

"ለምን እንዲህ ይሆናል? ሌላ የለኝም። ይቺ አባቷን የምታየው በዚህ ነው" አለችኝ።

ምን እንደሆነ ገና ሳየው አውቄያለሁ። ጋሽ ወርቅነህ ወረቀት ሊገዙ አዲስ አበባ ሄደዋል። የዚያን ዕለት እውነቱን ብናገር ኖሮ ገና ፊቱ ነበረ። እኔ ግን ፈራሁ፣ ቶሎ እንድትሄድልኝ ፈለግሁ።

"ምንም አይደል፣ እህቴ። በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ነው። በሚቀጥለው ገበያ ነይ" አልኳት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እሷ የእዣ ሰው ናት፣ እኔ የመስቃን። የሷ ጉራጌኛና የኔ ጉራጌኛ ግማሽ መንገድ ሄደው ይጠፋፋሉ፤ ስለዚህ በአማርኛ ነበር የምንነጋገረው፤ እሷም አማርኛውን የምታውቀው ለገበያ ያህል ነው። ፎቶ "ማጠብ" ደግሞ የኛ የሙያተኞች ቃል ነው፤ በየትኛውም ጉራጌኛ ባስረዳት ኖሮ ምን ማለት እንደሆነ መዘርዘር ነበረብኝ። በአማርኛ ሲሆን አንዲት ቃል ወርውሬ ተገላገልኩ። ቃሉን እንዳለ ነው የሰማችው።

በሚቀጥለው ገበያ ማለዳ መጣች። ያንኑ ጨርቅ ፈታች። ወረቀቱ ነጭ ነው። ሸሚዝ ነው የሚመስለው፣ ምንም የለበትም። ታች ጥግ ላይ የኮቱ አንድ ቁልፍ ብቻ ቀርታለች።

"አጠብኩት። በእንዶድ፣ ቀስ ብዬ። ቢጫው ለቀቀ፤ ከዚያ እሱም አብሮ ሄደ" አለች። ቀጥላም እጆቿን ዘርግታ አየቻቸውና፣ "እጄ ከባድ ነው። በእጄ አጠፋሁት" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ራሷን ነው የምትወቅሰው! እኔም ዝም አልኩ። ለአፍታ በሷ ጥፋት ሊያልፍልኝ ነው ብዬ አስቤያለሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የማፍርበት ያ ዝምታ ነው። ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ አሻግራ ታየኛለች። ዓይኗ ቁርጥ የዘበርጋ ነበር፤ ያ ነው የጣለኝ።

"እህቴ፣ አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ" አልኩና መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ጋሽ ወርቅነህ ቁጭ ብለው ካሜራ እየጠረጉ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውሃውን፣ ካርቶኑን፣ ውሸቱን። አልጮኹም። ቢጮኹ በወደድኩ። ተነስተው የፎቶ ቤቱን በር ከውስጥ ዘጉና፣ ለትርፌ ወንበር አቀረቡላት፣ ካርቶኑን ደግሞ ጭኔ ላይ አስቀመጡት። "ፈልግ" አሉኝ።

ነጋቲቭ አይቶ የማያውቅ ሰው ላይረዳው ይችላል፤ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የሚታየው፣ ነጠላው ጥቁር፣ ጠጉሩ ነጭ። እኔ ከዓመት በፊት ለአንዲት ደቂቃ ያየሁትን ሰው በምኔ ልለየው? አንድ በአንድ መስኮቱ ላይ እያነሳሁ ለትርፌ አሳያት ጀመር። ታይና ራሷን ትነቀንቃለች።

"እነዚህ ሁሉ ሽማግሌ ናቸው። የኔ ባል ጎልማሳ ነበር" አለች።

አልሳቅሁም እንጂ የሚያስቅ ነበር። ጠጉሩ በነጋቲቭ ነጭ እንደሚሆን ጋሽ ወርቅነህ አስረዷት፣ ደጋግመው፣ በትዕግሥት። እስከ ቀትር ካርቶኑ ተጋመሰ። ዓይኔ ያለቅሳል፣ ሁሉም ኮት ለባሽ፣ ሁሉም ቀጥ ብሎ ያየኛል። በዚህ መካከል ጋሽ ወርቅነህ፣ "ስታነሳው ለማን ነው ብለህ ነበር?" አሉኝ።

"ብዬ ነበር። ለሚመጣው አለና..." ብዬ ቀጥ አልኩ። "ጋሼ፣ ዓይኑን ሰርቋል! ፎቶው ተበላሽቶ ነበር!"

ከዚያ በኋላ ፊት መፈለግ ተውኩ፤ ወደ ካሜራው የማያይ ሰው ብቻ ፈለግሁ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ወደ ጎን የሚያይ አንድ ብቻ ተገኘ። ለትርፌ ሰጠኋት። መስኮቱ ላይ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው።

"ሸምግሏል" አለች ቀስ ብላ። "ሽማግሌ ሆኖም አየሁት።"

ጋሽ ወርቅነህ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ገንቦ በእግራቸው ወደኔ ገፋ አደረጉት። ገባኝ። ዋቤ ወርጄ ውሃውን ራሴ ቀዳሁ፤ በአንድ አህያና በጀርባዬ። ስመለስ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ቀይ ጨርቅ የለበሰው ፋኖስ በርቷል፣ ትርፌ ከነልጇ ሳህኑ አጠገብ ቆማለች። እዚያ ክፍል ደንበኛ ገብቶ አያውቅም ነበር። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ጣልኩት። መጀመሪያ ኮቱ መጣ፣ ከዚያ ቅንድቡ፣ ከዚያ ያ ወደ ግራ የሄደ ዓይን። ትርፌ ወደ ሳህኑ ጎንበስ አለች። "መጣ" አለች፣ በአገሯ ቋንቋ ነው ያለችው፣ ግን ማንም ሰው ይገባዋል።

ከዚያ አጠብኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ውሃ። አምስተኛው ላይ ልቀምስ ጎንበስ ስል ጋሽ ወርቅነህ እጄን ያዙኝ። "በዚህ ሰውዬ ነገር ያንተን ምላስ አላምንም። እሷ ትቅመስ" አሉ። ከተናገሩኝ ሁሉ ከባዱ ያ ነው፤ በዱላ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ትርፌ ቀመሰች። "ይጣፍጣል።" ስድስት፣ ሰባት። "ትንሽ ይጣፍጣል።" አሥር። አሥራ ሁለተኛው ላይ ምላሷን ነካ አድርጋ ቆየችና፣ "ምንም የለውም" አለች። ጋሽ ወርቅነህ በቃጫ ገመዱ ላይ ሰቀሉት።

በማግስቱ ሥራዬን እንደማጣ እርግጠኛ ሆኜ መጣሁ። እሳቸው ግን የአገናውን ነጋቲቭ ሁሉ፣ አንድ ሳህንና አንድ ከረጢት መድኃኒት አስይዘው፣ "ሂድና እጠባቸው" አሉኝ። ያን ዓመት መስቀልን ቤት ለቤት ነው የዞርኩት። ፎቶ ያለበትን ግድግዳ ሁሉ እያየሁ፣ ቢጫ ያልነካውን እያጠብኩ፣ የተበላሸውን በአዲስ እየተካሁ። "በደንብ አላጠብኩላችሁም ነበር" እያልኩ እናገራለሁ፤ ማጠብ ምን ማለት እንደሆነም እዘረዝራለሁ። አንዳንዱ ሰደበኝ፣ አብዛኛው ቆጮ አበላኝ። ስመለስ ጋሽ ወርቅነህ አንድ እርጥብ ፎቶ ሰጡኝና፣ "ቅመስና ንገረኝ" አሉኝ። ያን ቀን እንደገና ሰው ሆንኩ።

ቡታጅራ የራሴን ቤት ስከፍት የድሮ ካሜራቸውን መርቀው ሰጡኝ። እዚያ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አንዲት የመስቃን እናት ለሐጅ ጉዞ ወረቀት ፎቶ ልትነሳ መጥታ፣ ፊቷን ለወንድ ገልጣ መቀመጥ ቢከብዳት፣ ከባሏ በቀር ሁሉን ከክፍሉ አስወጣሁና፣ "እናቴ፣ ለማን ነው?" አልኳት። "ለአላህ ቤት" አለች። ፊቷ ላይ የመጣውን ብርሃን ያመጣሁት እኔ አልነበርኩም፤ ለመንግሥት ወረቀት እንደዚያ ያማረ ፎቶ ሰጥቼ አላውቅም። ደንበኛ ሲጠይቀኝም "ይታጠባል" ብዬ አላለፍኩም። ሃይፖውን፣ ውሃውን፣ ምላሱን ሁሉ አስረዳ ነበር። ለፍላፊ ነው ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ።

ፎቶ ቤቱ በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ጠጉሯ የሸበተ ሴት ከነልጇ ቤቴ መጣች። ከወልቂጤ ነው የመጣችው። አልማዝ ዘበርጋ እባላለሁ ስትለኝ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። እናቷ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል። የአባቷን ፎቶ ልጇ በስልክ ልታነሳው ትፈልጋለች፣ እሷ ግን "ያነሳው ሰው እያለ" ብላ አልሰጥም ብላለች። ከቦርሳዋ አወጣችው።

እንደ ትናንት ነው። ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ፣ አንዲት ቢጫ የለበትም። ዘበርጋ ወደ ግራ ያያል።

"ልጅ እያለሁ አባቴ ለምን አያየኝም እያልኩ አለቅስ ነበር" አለች አልማዝ። "እናቴ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? በዚያ ሰዓት እኔ ከጎኑ ነበርኩ፣ አንቺ ደግሞ በሆዴ ነበርሽ፤ ከሁሉም ሰው መርጦ ያየው አንቺን ነው አለችኝ።"

እንባዬ መጣ፤ ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው። ፎቶውን ተቀበልኳት፣ ጥጉን ወደ አፌ አስጠጋሁና ምላሴን ነካ አደረግሁ።

"ኧረ ጋሽ ሽኩር! ምን እያደረጉ ነው?" አለች ደንግጣ።

"አንድ ሰው የጠየቀኝን እየመለስኩ ነው፣ ልጄ" አልኳት። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጠበቅሁ። ጋሽ ወርቅነህ በመጋረጃው ወዲያ የቆሙ መሰለኝ።

"ታዲያ ምን ይላል?" አለች።

"ውሃ ውሃ ይላል።"